የበቅሎ ፉጨት

ሰውና ሰው የሚተዋወቅበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በለቅሶ ቤት፣ አንዱ በውኃ መቅጃ፣ ሌላው በዘመድ ሰርግ ይተያያል። ጀማነሽንና ኦልጅራን ያገናኛቸው ግን የቡችላ ሽንት ነበር። አትሳቁ ልጆቼ፤ ኋላ ሳቃችሁ ይቆጫችኋል።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። የየካቲቱ እልቂት ካለፈ ሁለተኛው ክረምት ወጥቷል። ዛሬ ካዛንቺስ በምትሉት ሰፈር ለጣልያን ሹማምንት አዳዲስ ቪላ ይሠራ ነበር። ጀማነሽ ከነዚያ ቤቶች ባንዱ፣ በአንድ ካፒቴን ቤት፣ ተቀጥራ ትሠራለች። አባቷ በየካቲት ከነቤታቸው ተቃጥለው ቀርተዋል። እናቷ ወይዘሮ ወለተማርያም ከእሳቱ ቢወጡም ጭሱ ደረታቸውን ጎድቶት፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተጠጉባት ደሳሳ ጎጆ ከመደብ ላይ ውለው ያድራሉ። የሚቀምሱት ልጅቷ ከካፒቴኑ ቤት የምታመጣውን ነው። እንግዲህ የገዳይን ቤት ጠርጎ እናትን ማብላት ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት።

አንድ ቀን ሲኞራዋ፣ የካፒቴኑ ሚስት፣ «ነይ፣ ቡችላ እንመርጣለን» ብላ ይዛት ወጣች። ከጎረቤት ቪላ አንዲት ውሻ ወልዳለች። ስፓኒዬል የሚሉት ዘር ነው፤ ጆሮው እንደ ሴት ሹሩባ ተዘናፍሎ የሚወርድ፣ ጠጉሩ ሐር የመሰለ። ሲኞራዋ ከቤቱ እመቤት ጋር ወሬ ልትጀምር ስትል «የምታሳድጊው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ምረጪ» አለቻት።

ጀማነሽ ውሻ በእጇ ነክታ አታውቅም። በኛ ቤት ውሻ ደጅ ያድራል፣ ደጅ ይጠብቃል፤ ጣራ ሥር ከገባ በዱላ ይወጣል። ቡችሎቹ እግሯን ሊልሱ ሲረባረቡ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አይበሉሽም!» አለ አንድ ድምፅ። «እንዲያውም ከነሱ ይልቅ አንቺ ታስፈሪያለሽ።»

ዞር ስትል፣ የግቢውን የድንጋይ አጥር ከሚሠሩት ግንበኞች አንዱ፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የኖራ ብናኝ የሰፈረበት ረጅም ወጣት፣ መዶሻውን ይዞ ይስቃል።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። የምትመርጪው ቢቸግርሽ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ውሻ ሻጭ ነህ?»

«የበቅሎ ጫኝ ልጅ ነኝ። እንስሳ ሁሉ አንድ ነው። በይ ማጅራታቸውን ይዘሽ አንሺያቸው። የሚንጫጫውን ተዪው፤ ዝም የሚለው ልበ ሙሉው ነው።»

እየቀፈፋት አነሳች። አንዱ እሪ አለ። ሌላውም እሪ አለ። ነጭና ቡናማ የሆነች አንዲት እንስት ግን አየር ላይ ተንጠልጥላ ዓይን ዓይኗን እያየች ዝም አለች።

«እሷ ናት!» አለ ወጣቱ። «ስሟንም ዝምታ በያት።»

«ስም አውጣ ማን አለህ?»

«ስሜን አልጠይቅ ስትዪኝ የሷን ላውጣ ብዬ። ኦልጅራ እባላለሁ።»

ጀማነሽ ቡችላዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች። ከበሩ ስትደርስ ግን ዘወር ብላ አየችው። እሱም መዶሻውን ገና አላነሳም ነበር።

ምርጫው ስሕተት ሆነ። ለደጅ ጠባቂ ልበ ሙሉ ውሻ ደግ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚያድር ውሻ ግን አንደበት ያስፈልገዋል። ሌላው ቡችላ ሽንቱ ሲመጣ ያለቃቅሳል፣ በር ይቧጥጣል። ዝምታ ግን ዓይኗን እንደ መነኩሴ ሰበር አድርጋ፣ ትንፍሽ ሳትል፣ ያለችበት ትለቀዋለች። ምንጣፉ ላይ ለቀቀችው፤ አልጋ ሥር ለቀቀችው፤ በመጨረሻም ካፒቴኑ ለክት ባስቀመጠው ጫማ ውስጥ።

ሲኞራዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ፈሪ ነበረች እንጂ። በተሰባበረ አማርኛዋ «ባሌ ከዘመቻ ሲመለስ እንዲህ ካገኛት እሷን በጥይት ይመታል፣ አንቺን ያባርራል» አለቻት። ጀማነሽ ተባረረች ማለት ደግሞ ቂርቆስ ያለችው ጎጆ ተራበች ማለት ነው።

ግንበኞቹ የጎረቤቱን ጨርሰው ወደ ካፒቴኑ አጥር የተዛወሩት በዚያው ሰሞን ነው። ኦልጅራ ገና ሲያያት «ዝምታ እንደምን ናት?» አላት።

«አንተ ነህ ጉድ ያፈላህብኝ! ስትሸና ድምፅ የላት፣ ምን የላት። ልበ ሙሉ አልከኝ፤ ፊኛ ሙሉ ናት እንጂ!»

የያዘውን ድንጋይ መሬት አስቀምጦ ሳቀ። ኋላ ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

«ስሚኝ። በቅሎ ጭነት ከብዷት ሽንቷን ስትይዝብን ምን እናደርጋለን? እናፏጫለን።» ከንፈሩን ሰብስቦ ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ ወደ መጨረሻው የሚሰበር ፉጨት አፏጨላት። «እንስሳ ሁሉ አንድ ነው አልኩሽ እኮ።»

«አንድ ነው ብለህ ነው እዚህ ያደረስከኝ!»

«ዳግመኛ ከተሳሳትኩ፣ በካፒቴኑ ጫማ ውኃ ቀድቼ እጠጣለሁ።»

እንደ ሕፃን ጠበቋት። ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ በልታ ስትጨርስ፣ ስትፈነጭ ቆይታ መሬቱን ማሽተት ስትጀምር፣ ጀማነሽ አቅፋት ትወጣለች፤ ሁልጊዜም ወደ አንድ ቦታ፣ ከአጥሩ ጥግ ካለችው ወይራ ሥር። ኦልጅራ ድንጋዩን እየጠረበ ያፏጫል። ስትለቀው ጀማነሽ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ ትደባብሳታለች፣ ቁራሽ ታቀምሳታለች። ቤት ውስጥ ስታበላሽም አልመታቻትም፤ ወለሉን በሆምጣጤ ትወለውላለች፣ ሽታው መልሶ እንዳይጠራት።

ጀማነሽ በሥራ ሰዓት ያለ ቡችላዋ ወደ ደጅ መውጣት አይፈቀድላትም ነበር። ስለዚህ ዝምታ ሽንቷ ሳይመጣ የምትወጣበት ጊዜ በዛ።

«ዛሬ ቆየሽ» ይላታል።

«የቆየችው እሷ ናት።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ ዝምታ።»

«ምን አድርጋልህ ነው የምታመሰግናት?»

ቀና ብሎ ያያታል። ከዚያ መልስ ሳይሰጥ ድንጋዩን ያገላብጣል። ጀማነሽም ያንን ያልተሰጠ መልስ ይዛ ትገባለች፤ ሳህን ስታጥብም፣ መስኮት ስትወለውልም አብሯት ይውላል።

አንድ ቀን ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ በዓይኗ ጠየቀችው።

«የየካቲት ነው» አላት።

«የኛም የካቲት ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ወር አንስተው አያውቁም። ግን ሰው የሚዋደደው በሚናገረው ብቻ መች ሆነ?

ጀማነሽ ለእናቷ ስትል ቡችላዋ ቶሎ እንድትማር ትጸልያለች። ቶሎ እንዳትማርም ትጸልያለች፤ ያንን ለማን ስትል እንደሆነ ለራሷም አልነገረችም። እግዚአብሔር ፊተኛውን ጸሎት ሰማ። ዝምታ ተማረች። ሲኞራዋ ራሷ ፉጨቱን ለምዳ፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር በረንዳ ላይ ቆማ ታፏጫለች። ቡችላዋ ሮጣ ወይራው ሥር ትሸናለች፤ ሴቶቹም ያጨበጭባሉ።

ኦልጅራ ሽማግሌ ላከ። ዘመድ በከተማው ስለሌለው የላከው የግንበኞቹን አለቃ ጋሽ ጉተማን ነው። ወይዘሮ ወለተማርያም ከመደባቸው ቀና ብለው ሰሙ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ግንበኛ ነው፣ እመቤቴ። እጁ የተባረከ።»

«የሚገነባው ለማን ነው?»

ጋሽ ጉተማ አቀረቀሩ።

«ባሌን ያቃጠለ ሰው ተደላድሎ እንዲተኛ አጥር ለሚያጥርለት ልጄን አልሰጥም። ለድካምዎ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ጀማነሽ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«እኔስ እማዬ፣ የውሻቸውን ሽንት እጠርግ የለ?»

«አንቺ ለኔ ብለሽ ነው።»

«እሱም የሚጦራት እናት አለችው።»

«ውሻ ውሻ ትሸቻለሽ፤ ተነሽና ታጠቢ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በዚያ ዘመን ያለ ወላጅ ቃል ጎጆ መውጣት መኮብለል ነው። የታመመች እናቷን ጥላ የምትኮበልል ልጅ ደግሞ ጀማነሽ አልነበረችም። ለሁለቱም የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የእናትየዋ ቃል።

አጥሩ አለቀ። ካፒቴኑም ከዘመቻ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ኦልጅራ ወደ ግቢው የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም። ማምሻውን በጓሮ በኩል ይመጣና ያችኑ የበቅሎ ፉጨት ያፏጫል። ጀማነሽ ቡችላዋን ይዛ ትወጣለች፤ እሱ ራሱ ለጎርፍ መውረጃ ብሎ ከአጥሩ ግርጌ በተወው ቀዳዳ ይነጋገራሉ። ፊቱን አታይም፤ ጣቶቹን ብቻ።

«እሺ አላሉም?»

«አላሉም።»

«እጠብቃለሁ። ድንጋይም እኮ ታግሠው ሲያንኳኩት ነው እሺ የሚለው።»

ከዕለታት አንድ እሑድ ካፒቴኑ ቤት እንግዳ መጣ። በሩ ተዘግቷል፤ መኮንኖቹ ምሳ በልተው ወይን ይጠጣሉ። ጀማነሽ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ ይዛ መሀል ቆማለች። ያኔ ፉጨቱ ተሰማ።

በቀን መጥቶ አያውቅም። አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። በእርግጥም ሆኖ ነበር፤ የግንበኞቹ ቡድን በማግስቱ በግድ ወደ ሰሜን መንገድ ሥራ ሊወሰድ ታዝዟል፤ ኦልጅራም ሳይሰናበታት ላለመሄድ ነው የመጣው።

ዝምታ ብድግ አለች። በሩን አየች። ጀማነሽን አየች። ጀማነሽ ትሪውን ይዛ የት ትሂድ! ቡችላዋም አንዲት ድምፅ ሳታሰማ ካፒቴኑ እግር ሥር ለቀቀችው።

እንግዶቹ ሳቁ። ካፒቴኑ በርግጫ ሲላት ሲኞራዋ ዘላ ተነሳች።

«ተዋት! ጥፋቷ አይደለም! ፉጨት ስትሰማ ነው የምታደርገው፤ አሁን ውጭ ሰው አፏጨ!»

ከአፏ ከወጣ በኋላ የባሏን ፊት አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን ነው ያፏጨው?» አለ ካፒቴኑ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች ጀማነሽ።

ጓሮው ዳግመኛ አፏጨ።

ካፒቴኑ ሽጉጡን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ጀማነሽም ትሪውን ከነብርጭቆው ለቀቀችው፤ ሰምቶ ይሸሻል ብላ።

ኦልጅራ ሰማ። ግን አልሸሸም። የብርጭቆውን ስብርባሪና የካፒቴኑን ጩኸት ሲሰማ እሷን የሚደበድቧት መሰለው። በገዛ እጁ የገነባውን አጥር ተንጠላጥሎ ዘለለ፤ ወደ ውስጥ።

እንዴት እንደመቱት አልነግራችሁም። ሲኞራዋ የባሏን ክንድ ባትይዝ ኖሮ እዚያው በቀረ። አስካሪ የሚባሉት የጣልያን ቅጥር ወታደሮች መጥተው «ሌባ ነው» ብለው እየጎተቱ ወሰዱት። ጀማነሽም ያን ሰዓት ተባረረች። ሲኞራዋ እስከ በሩ ተከትላት ቡችላዋን ጀማነሽ እቅፍ ውስጥ ወሸቀችና ተመለሰች።

ጎጆዋ ስትደርስ የሆነውን ሁሉ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ወለተማርያም ውሻዋን አዩ፤ ውጪ አላሏትም።

«ብርጭቆው ሲሰበር መሸሽ ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር፣ እማዬ። ውጭ ነበረ።»

«አንቺን የመቱሽ መስሎት ነው የገባው?»

«አዎ።»

ጠዋት ልጅቷ ስትነቃ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው። «ደግፊኝ» አሏት።

ከእስር ቤቱ ደጅ ሲደርሱ፣ እስረኞቹን ወደ ሰሜን መንገድ ሥራ ከታዘዙት ግንበኞች ጋር በካሚዮን እየጫኑ ነበር። ከዘበኞቹ ወዲህ እናቶችና ሚስቶች ተኮልኩለው ያለቅሳሉ። ኦልጅራ ከካሚዮኑ ጫፍ ቆሟል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። በሌላው ዓይኑ ሕዝቡን ፈልጎ ፈልጎ ጀማነሽን አገኛት። ከላይ እስከ ታች አያት፤ ደኅና መሆኗን ሲያይ ትከሻው ረገብ አለ።

ወይዘሮ ወለተማርያም የልጃቸውን ክንድ ለቀው ወደ ፊት ወጡ። ለመናገር እንኳ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሴት ያን ቀን ጮኹ።

«ኦልጅራ! ልጄን ሰጥቼሃለሁ! ሕዝብ ይስማ!»

ከሴቶቹ አንዷ፣ የማያውቋት፣ «ሰምተናል!» አለች። ከኋላዋ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም፦ «ሰምተናል!»

«ተቀብያለሁ» አለ ኦልጅራ። ድምፁ አልወጣም፤ ከንፈሩ ግን ታየ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ እንደ ሙሽራ ጀማነሽ ራስ ላይ ደረበችላት። ካሚዮኑ ተነሳ።

ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ ጉተማ ብቻቸውን ተመለሱ። መንገድ ሲቆፍሩ ገደል ተንዶ ከወሰዳቸው አንዱ ኦልጅራ ነበር። ሬሳው አልተገኘም።

ልጆቼ፣ ስለወደዱት ብቻ ለቅሶ መቀመጥ በኛ ዘንድ የለም። ቃል ያልታሰረላት ልጅ በጓዳዋ ታለቅሳለች፤ አጽናኝም አይመጣላትም። ጀማነሽ ግን ጠጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች፣ በእናቷ ጎጆ ደጃፍ ሰሌን ዘርግታ ተቀመጠች። የቂርቆስ ሰው መጣ። ያን ቀን ካሚዮኑ ዘንድ የነበሩት ሴቶች ሰምተው መጡ። ዝምታ በሰዎቹ መሀል ተጋድማ ዋለች።

በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። «የማን ለቅሶ ነው?» አሉ።

ወይዘሮ ወለተማርያም ቀና አሉ። «የአማቼ ነው» አሏቸው። «ይግቡና አብረውን ይቀመጡ።»