የተነቀለው ሶኬት

«ቲቸር፣ መብራት ሄዶ መጣ!» አለች ፋና ኮምፒውተር ላብራቶሪው ውስጥ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

መብራት አልሄደም። ፋና ሞባይሏን ቻርጅ ልታደርግ ለትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለውን የራውተሩን ሶኬት ስትነቅል፣ መምህሩ ከደጅ ሲመለሱም በጥድፊያ መልሳ ስትሰካው ጓደኛዋ ያምሮት በዓይኗ አይታለች።

መምህር ይታገሱ ራውተሩ ላይ ጎንበስ አሉ። ከኮምፒውተር ክለቡ ልጆች ጋር አዲስ ሶፍትዌር እየጫኑበት ነበር። የራውተሩ ማስቀመጫ ቦታ ሁለት ሶፍትዌር ስለማይችል አሮጌውን ቀድመው አጥፍተውታል። «ሲበራ መጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል» ብለው አስረድተዋቸው ነበር። «ከዚያ ሶፍትዌሩን ፈልጎ ያነሳል፤ በመጨረሻ እኛ የሰጠነውን ትእዛዝ ያነባል።» አሁን ራሱን ፈተሸ፤ ሶፍትዌሩን ፈለገ፤ ያገኘው ግን ግማሹን ነው። ከዚያ ወዲያ አልሄደም፤ ራውተሩ ከጥቅም ውጭ ሆነ።

«ያምሮት፣ አንቺ እዚሁ ነበርሽ። እውነት መብራት ሄዶ ነበር?»

ፋና አየቻት። ሁለቱም ከማንኩሳ ገጠር መጥተው ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ያምሮት ስንቋ ሲያልቅባት የምትበላው የፋናን ነው።

«አዎ፣ ሄዶ ነበር።»

ርእሰ መምህሩ አቶ ዳኘው ግን ጥፋቱን በመምህር ይታገሱ ላይ አድርገው ተማሪ ፊት ጮኹባቸው፤ «መብራት እንደሚጠፋ እያወቅህ አሮጌውን ለምን አጠፋህ?» ብዙም ሳይቆይ በዚሁ ጥፋት መምህር ይታገሱ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሽንዲ ተዛወሩ ተባለ።

«ለቲቸር እውነቱን ልነግራቸው ነው» አለች ያምሮት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ።

«አብደሻል? እሱ የትም ቢሄድ ደሞዙ አይቀርበትም፤ የምባረረው እኔ ነኝ! ከተናገርሽ ፍራሽሽን ጠቅልለሽ ትወጫለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ያምሮት መምህር ይታገሱን ላብራቶሪው ውስጥ አገኘቻቸው፤ መጽሐፎቻቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ያን ዕለት አንቺን የጠየቅሁሽ፣ አትዋሽም ብዬ ነበር» አሉ። «አሁን ምን ዋጋ አለው? ዝውውሩ ጸድቋል። ተይው፤ ከጓደኛሽም አትጣዪ።»

ልታግዛቸው እጇን ስትዘረጋ ካርቶኑን ፈቀቅ አደረጉባት።

ያምሮት ወጥታ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አቀናች። ፋና ከጠዋቱ የተማሪዎች ሰልፍ መሃል ጠራቻት፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ በልመና። ያምሮት ሁለቱንም ሰማች። በሩን አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለችና ገባች።