የኸርሚኔ የሰርግ ጓንቶች

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ ስድስት ብስክሌተኞች ከቬንትስፒልስ ከተማ ወጥተው፣ ባሕሩን በግራ የጥዱን ጫካ በቀኝ እያደረጉ ወደ ኮልካ አቀኑ፤ መንገዱ አሸዋ ነበርና ጎማው በሰመጠ ቁጥር እየወረዱ ይገፉ ነበር። የብስክሌተኞቹ ማኅበር አለቃ አዶልፍስ ብርዝኒክስ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመሬት ቀያሽ የነበሩ ሽማግሌ፣ የአራቱን ቀን ጉዞ አስቀድመው በእርሳስ ከፋፍለውታል።

ከሁሉ ኋላ የምትነዳው ወይዘሮ ኸርሚኔ ዝቪርግዝዴ በሪጋ መድኃኒት ቤት ዱቄት እየመዘነች የምትኖር የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። ባሏ ክሪስታፕስ በነጻነቱ ጦርነት ዘምቶ በዚያው ቀርቷል፤ አስከሬኑን ያየ ሰው ስለሌለ ዳኛው ሞቷል ብለው ሊፈርዱላት አልፈቀዱም። ቴዎዶርስ የሚባል መምህር ሊያገባት ይጠብቃል፤ ነገር ግን በመስከረም ወደ ሩቅ አውራጃ ተዛውሮ ይሄዳልና፣ እስከዚያ ካልተፈረደላት ብቻውን መሄዱ ነው። ታዲያ በጸደይ አንድ ደን ጠባቂ በጋዜጣ አስነገረ፤ በጦርነቱ ጊዜ በበረዶው ወራት ስሙ ያልታወቀ ወታደር በኮልካ መንገድ ዳር ባለው ጫካ ሞቶ ተገኝቶ እዚያው ተቀብሮ ነበር፤ በእጁም ነጭ ጓንት፣ በላዩ ሰማያዊ መስቀል፣ በመስቀሉ መካከል ቢጫ ነጥብ ነበረበት። ኸርሚኔ አንብባ ጋዜጣውን አጠፈችና ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ጥበቡ የእጇ ሥራ ነበር።

«ወይዘሮ ኸርሚኔ! ብስክሌቱን እየነዱት ነው ወይስ እያባበሉት?» አሉ አዶልፍስ በሁለተኛው ቀን።

«እደርሳለሁ ጌታው፤ ባሕሩ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

«ባሕሩማ አይሄድም፤ የሚያልቀው ኮልካ ያለው በጭስ የደረቀ ዓሣ ነው!»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እርሷም መሳቅ እንደሚገባ አስባ ሳቀች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በጥዶች መካከል ወዳለው የመቃብር ስፍራ ብቻዋን ገባች። የመቃብር ጠባቂው ሚስት የነበሩት አሮጊቷ ሊዜ፣ ዱካቸው እንዳይቀር ወደ ኋላ እየተራመዱ በመቃብሩ ዙሪያ ያለውን አሸዋ በባለጥርስ እንጨት ያበጥሩ ነበር።

«አትርገጪ ልጄ፣ ገና አሁን መጨረሴ ነው! ጋዜጣውን አንብባ የመጣች ሴት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንዱን አብሬው ቀበርኩት፣ እጁ ይበርደዋል ብዬ። አንዱን ደግሞ ባለቤት ቢመጣ ብዬ አስቀመጥኩ» አሉና ከሽርጣቸው ኪስ አወጡላት።

በዚያ አገር ልጃገረድ ሳጥን ሙሉ ጓንት ሠርታ ነው የምትዳረው፤ በሰርጓም ዕለት ለአማቶቿ፣ ለሚዜዎች፣ ለሠረገላ ነጂው ሳይቀር ታድላለች። ኸርሚኔ አርባ ሁለት ጥንድ ሠርታ ነበር፤ ጥበቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ለሙሽራው በሠራችው ጥንድ ላይ ብቻ በአንጓው ዙሪያ የተንጠለጠለ የክር ዘርፍ አድርጋበት ነበር። አሁን የያዘችው ጓንት ዘርፍ የለውም። ገልብጣ አየች፤ ተቆርጦም እንደሆነ ክሩን በጥፍሯ ፈለገች፤ አልተቆረጠም። ይህ ሰው በሰርጓ በልቶ የጨፈረ ሰው ነው፤ ክሪስታፕስ ግን አይደለም። ከታደሙት ወንዶች ከክሪስታፕስ ሌላ ስድስቱ ከጦርነት እንዳልተመለሱ ታውቃለች፤ አንድ በአንድ በልቧ ቆጠረቻቸው።

«ያንቺ ሥራ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እሰይ! እንግዲያ ባልሽ ነዋ! እኔስ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹አንተ ልጅ› እያልኩ ነበር የማወራው። እናቱስ አለች?»

የስድስቱም እናቶች በሕይወት አሉ።

«አለች» አለች ኸርሚኔ።

በዚያው ምሽት የመንደሩ ቄስ የሙታኑን መዝገብ ከፍተው «ወይዘሮ፣ ይህ ሰው ባልዎ ክሪስታፕስ መሆኑን በእግዚአብሔር ፊት ይመሰክራሉ?» ሲሉ ጠየቋት። ፍርሃት ይመጣል ብላ ጥቂት ጠበቀች፤ አልመጣም። «እመሰክራለሁ» አለችና ፈረመች። ሊዜ ሁለተኛ ምስክር ሆነው ጣታቸውን አተሙ።

በማግስቱ ወደ ኮልካ ሲነዱ ነፋሱ ከፊት ነበር። አዶልፍስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቧትና «እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዛሬ ከኋላዬ ይሁኑ፤ ነፋሱን እኔ እመክትልዎታለሁ» አሉ። ከኋላቸው ሆነች፤ እስከ ባሕሩ ጫፍም የሽማግሌውን ጀርባ ብቻ እያየች ነዳች።

ዳኛው ፈረዱ፤ በመስከረምም ቴዎዶርስን አገባች። ያንን ጦርነት የጻፉ ሰዎች ቀኑን፣ ክፍለ ጦሩን፣ የወደቁትንም ሰዎች ቁጥር መዝግበዋል፤ የመቃብሩም መዝገብ ከዚያ ቁጥር ጋር ይስማማል፤ አንድ ሰው ሞቷል፤ አንድ ሰው ተቀብሯል። ከስድስቱ እናቶች የሟቹ እናት የትኛዋ እንደሆነች ግን ኸርሚኔም አታውቅም፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ትውልድ መንደሯ ስትመጣ፣ በመንገድ ላይ ስታገኛቸው ለስድስቱም ከብስክሌቷ ወርዳ እጅ ትነሣ ነበር። እነርሱም ትሕትናዋን ያመሰግኑላት ነበር።