የተደፈነው ቦይ

የምክር ቤቱ ቀያሽ ደረጃው ላይ ሻይ ከያዘችው ሴት ጋር ተላለፈ።

ሁለት ወረቀት ከሻይ ትሪዋ ጨርቅ ስር ሸጎጠና ቁልቁል ወረደ። ቀና ብላ አላየችውም። አላያትም።

የምስጢር ስሟ «ጉንዳን» ነው። የሙስና መርማሪ መሥሪያ ቤት ሻይ አቅራቢ አስመስሎ ወደ ከተማው ምክር ቤት ካስገባት ሰባት ወር ሆኗታል። ሰባት ወር ሙሉ የእነዚያን ሰዎች የተላሰ ማንኪያ አጥባለች።

ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገባች፣ በሩን በጀርባዋ ደገፈችና አነበበች።

አምና የአየር ንብረት ለውጥን ለመከላከል ተብሎ ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት መቶ ሺህ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ምክር ቤቱ ግን ችግኝ አይቆጥርም። የሚቆጥረው ችግኙ የመጣበትን ባዶ ላስቲክ ነው፤ ላስቲክ የመለሰ እንደ ተከለ ይቆጠርለታል። ለተከላው የተቀጠሩት ሰዎችም ላስቲኩን ገፈው መለሱ፣ ችግኙን ከነአፈሩ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ደፉት። ቦዩ ተደፈነ። ከቦዩ በታች ደግሞ መዋለ ሕፃናት አለ። መቶ ስልሳ ልጆች፤ ከምሳ በኋላ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው የሚተኙ፣ ጫማቸውን እንኳ ማሰር የማይችሉ ሕፃናት። አንድ ከባድ ዝናብ ይበቃል ብሎ ጽፏል ቀያሹ።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የሚጸድቀው አዲሱ ዕቅድ ግን ቦዩ ንጹሕ ነው፣ መዋለ ሕፃናቱም ባለበት ይቀጥላል ይላል።

ወረቀቶቹን አጥፋ ሽርጧ ኪስ ከተተች። ወላጅ ያላሳደገው ሰው እንኳ ይህን አያደርግም።

ከመርማሪ መሥሪያ ቤቱ የመጣው አለቃዋ ጓሮ መኪናው ውስጥ ይጠብቃታል። የምስጢር ስሙ «አጎቴ»። ለውዝ ይቆረጥማል፣ ገለፈቱን እግሩ ስር ይተፋል።

«አመጣሽ?»

እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ሰደደች።

«ብቻ ቀያሹ ሌላ ቅጂ እንዳያስቀር።»

እጇ ቆመ።

ወረቀቱን የሚሰጣት ማን እንደሆነ ነግራው አታውቅም።

ቀያሹን የሚጠረጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር። አጎቴ የማን ሰው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ገና አልሰጠኝም» አለች። «ከስብሰባው በኋላ ነው ያለኝ።»

ጎበዝ ልጅ ብሎ ትከሻዋን ዳበሳት። የእጁ ወዝ ሸሚዟ ላይ ቀረ። ወርዳ የመኪናውን በር ስትዘጋ ስልክ ሲያወራ ሰማችው።

«ቀያሹን ያዙት። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው።»

ውሸቷ ነው ያስያዘው።

ተመልሳ ልታስጠነቅቀው ትችል ነበር። ግን አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ትሪዋን አንስታ ወደ አዳራሹ ገባች።

እዚያ ዕቅድ አስቀድሞ የሚያነብ የለም። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነው አባል ጮክ ብሎ ያነባል፣ የተነበበው ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገባል፣ ሌሎቹ ብስኩት ይበላሉ። «ቴፑ» ይሉታል። የመድኃኒት ማዘዣ ቢያስቀምጡለትም ያነበዋል እያሉ ይስቁበታል። ንባቡም በከተማው ሬድዮ በቀጥታ ይተላለፋል።

የቴፑን ሲኒ ስታነሳ ሁለቱን ወረቀቶች ፊቱ ካለው ዕቅድ ከገጽ አምስት ስር አስገባች። ከረባቱ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ነበር፤ አንገቱን ሲያዞር የቆየ ላብ ሸተታት።

ቴፑ አነበበ። ገጽ አምስትን ጨረሰ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለጠ።

«ቦዩ በተጣሉ ችግኞች ተደፍኗል። መዋለ ሕፃናቱ ዝናብ ሳይመጣ መነሳት አለበት።»

በዚያው ድምፅ ቀጠለ። ቁጥሩን፣ ልኬቱን፣ የላስቲኩን ነገር። ሊቀመንበሩ አፉ በብስኩት ተሞልቶ ቀረ። ሲውጠው ሁሉም ተነብቦ አልቋል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመዋለ ሕፃናቱ በር ላይ ሬድዮውን የሰሙ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይሮጡ ነበር።

በምክር ቤቱ ኮሪደር ላይ ሁለት ዘበኞች ቀያሹን እየጎተቱ አመጡት። ኮሌታው ተቀዷል። ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

አንድ ቃል ቢተነፍስ አለቀላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ የዛሬውም ሻይሽ እጣቢ ነው» አለና አለፈ።

ዘበኞቹ ሳቁ።

ሽርጧን በር እጀታ ላይ ሰቅላ ወጣች።

በአራተኛው ቀን ዘነበ። እሷ ያኔ በሌላ ስም፣ ወደ ሩቅ አገር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ሬድዮው ባዶው መዋለ ሕፃናት እስከ መስኮቱ በጭቃና በበሰበሰ ችግኝ መሞላቱን አወራ። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ቀረበና፣ ልጆቻችን የተረፉት ምክር ቤታችን አስቀድሞ ስላሰበላቸው ነው አለ። አጨበጨቡለት።

የቀያሹን ነገር ያነሳ የለም።

ምራቋ መረራት። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ፊቷን አይተው ፌስታል አቀበሏት።

«መንገዱ ነው የኔ ልጅ፣ አይዞሽ።»

«አዎ እማማ» አለች። «መንገዱ ነው።»