ከፏፏቴው የመጣው ጄሪካን

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ የምጠጣው ብርጭቆውን ወደ መስኮት ከፍ አድርጌ ካየሁት በኋላ ነው።

እሁድ፣ በነሐሴ ማለቂያ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነበር።

ባለቤቴ ሔራን የሦስት ወር እርጉዝ ናት። የቀመሰችው ሁሉ ይመለሳል። አምና አንድ ፅንስ ወርዶብናል፣ ስለዚህ ፈርቻለሁ። "ንፁህ አየር እፈልጋለሁ" ስትለኝ ከሲ.ኤም.ሲ ተነስተን፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርገን፣ ወደ እንጦጦ ወጣን።

ክረምት ስለሆነ ተራራው ሁሉ ውሃ ነው። ከመንገዱ በግራ ወንዙ ይጮሃል፣ በየመታጠፊያው ቀጭን ፏፏቴ ይወርዳል። ሔራን መስኮቱን ከፍታ ፈገግ አለች። ደስ አለኝ።

አንዱ ፏፏቴ ስር ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል።

"ጠበል ነው፣ አቁም" አለች።

ማንንም አልጠየቅንም። ጄሪካን ከተሰለፈ ጠበል ነው ብለን መኪናውን ቆልፈን ወረድን።

አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴትዮ ብቻ ነበረች። ፊቷ አይታይም። ነጠላዋ ይንጠባጠባል...

በጣሳ ቀድታ ዘረጋችልን።

"እማማ፣ የየትኛው ደብር ጠበል ነው?" አልኳት።

"ጠጡ" አለች በሹክሹክታ።

እኔ በሰው ብርጭቆ እንኳን የማልጠጣ ሰው ነኝ። ግን ጠበል እንዴት እምቢ ይባላል?

ተጎነጨሁ።

ለብ ያለ ነው። በነሐሴ፣ ከተራራ የወረደ ውሃ፣ ለብ ያለ... ደግሞ ይዝለገለጋል።

ምላሴ ላይ አንድ ነገር ተጠመጠመ።

ፀጉር።

ጠበል አይተፋም። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩ። ግማሹ ወረደ፣ ግማሹ ጥርሴ መሃል ቀረ።

መኪናው ጀርባ ሄጄ ጎተትኩት። መጣ... መጣ... ክንድ ሞላ። ጫፉ ከሆዴ ተነቅሎ ሲወጣ ተሰማኝ። አስታወክኩ።

ስመለስ ሔራን ሦስተኛ ጣሳዋን እየጠጣች ነው።

"በቃሽ ሔሪዬ፣ ፀጉር አለበት።"

"አንተ ደግሞ ስትጸየፍ። ይጣፍጣል እኮ።"

ወደ መኪናው ስንገባ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ሙሉ ጄሪካን ተቀምጧል። ቁልፉ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሽቅብ ነዳሁ። መታጠፊያው ላይ፣ ከፏፏቴው በላይ ያለው አለት ታየኝ።

ወደ ፏፏቴው የሚፈስ ወንዝ የለም። ደረቅ አለት ነው።

ሴትየዋ ጫፉ ላይ ተንበርክካ ጭንቅላቷን ወደ ገደሉ ዘቅዝቃለች። ውሃው የሚወርደው ከፀጉሯ ነው።

ለሔራን አልነገርኳትም። ደንግጣ ፅንሱ እንዳይወርድ ፈራሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስታወክ አቆመች። እህል ተስማማት። ሐኪሟም ፅንሱ ደህና ነው አላት። ስለዚህ እየቀፈፈኝም ጄሪካኑን ወጥ ቤት ተውኩላት።

ከጄሪካኑ ሌላ ውሃ አትጠጣም። ሁለት ጊዜ ደብቄያት ደፋሁት። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ሙሉ ሆኖ አገኘሁት።

ትናንት ጠዋት ወጥ ቤት ገባሁ።

ሔራን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጄሪካኑን ታቅፋለች። ከጄሪካኑ አፍ ረጅም እርጥብ ፀጉር ወጥቶ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል።

"ቀስ በል... ገና አሁን መተኛቷ ነው" አለችኝ።

በእኔ ማበጠሪያ እያበጠረችው ነበር።