ከዝናቡ በኋላ የታየችው ልጅ

የታንዲዌ አስከሬን የተገኘው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሱሉልታ ዳር ካለች አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ጀርባ፣ ገደል ሥር ነው። ታንዲዌ ከማላዊ መጥታ አዲስ አበባ ውስጥ የውኃ ምህንድስና የምትማር ወጣት ነበረች። ቅዳሜና እሑድን በከተማዋ ዙሪያ ያሉትን ቦታዎች ልታይ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታ ነበር፤ ቅዳሜ ቡራዩ ያለውን የገፈርሳን ግድብ፣ እሑድ ደግሞ ሱሉልታን።

ኢንስፔክተር የወይንሐረግ ስትደርስ ዝናቡ አባርቷል። ነፋሱ ግን አላረፈም፤ የማረፊያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ የበሩን መጋረጃ እያነሣ ይጥላል። የዛፍ ሥር እየያዘች ወደ ገደሉ ወረደች። ኮንስታብል በሪሁን ቀድሟት ነበር።

«ፎቶ ልታነሣ ወርዳ አንሸራቷት ነው» አላት። «ከዝናቡ በኋላ ወደዚህ ስትመጣ ሁለት ሰዎች አይተዋታል።»

ልጅቷ በደረቷ ተደፍታለች። ቢጫው የዝናብ ልብሷ ግን ሰውነቷ ላይ የለም፤ ከበላይዋ ካለ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። የወይንሐረግ ልብሱን ቆም ብላ አየችው። አስከሬኑ ሲነሣ በሪሁንን ጠራችው።

«ደረቷ ያረፈበትን ሣር ንካው።»

ነካው። «ደረቅ ነው።»

«ዙሪያውስ?»

«ጭቃ።» ቀና ብሎ አያት። እሷ ሽቅብ መውጣት ጀመረች።

የማረፊያው ባለቤት ኦቦ ዲሪርሳ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ ልጅቷን መቼ ነው ያዩዋት?»

«ዝናቡ እንዳባራ ነው፣ ልጄ። ጣሪያው ያፈሳል፤ እኔና ይህ እንግዳዬ ገመቺስ ወጥተን ሚስማር እየመታን ነበር። በዚያ በቢጫው ልብስ፣ ቆቡን አጥልቃ በሥራችን አለፈች።»

«ፊቷን አይተዋል?»

«ጣሪያ ላይ ሆኜ የምን ፊት። ልብሱን ነው ያየሁት፤ ትናንት ስትመጣም እሱኑ ለብሳ ነበር።»

«አናገሯት?»

«ቀጥታ የሚወስደው መንገድ ተንዷል። ‹ገረ ሚርጋ› አልኳት፣ በቀኝ በኩል ሂጂ ለማለት። እጇን አንሥታ አመሰገነችኝና በቀኝ በኩል ታጥፋ ሄደች። ጨዋ ልጅ ነበረች።»

ገመቺስ የሽማግሌውን ቃል አጸና። ረጅም የሰበታ ልጅ ነው፤ የታንዲዌ የክፍል ጓደኛ የሄመን እጮኛ። እየተናገረ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ቅዳሜ ሁለቱ ሴቶች በሄመን መኪና ገፈርሳ ሄደው እንደነበር፣ እሱና የታንዲዌ ጓደኛ ባርናባስ ግን ማታ በሚኒባስ መጥተው ሱሉልታ እንደተገናኙ ነገራት።

«እራት ላይ እንዴት ነበሩ?»

«ዝም ብለው ነበር። ሄመንም ምግቡን አልነካችውም።»

ባርናባስ ታንዛኒያዊ ነው። እንደ ታንዲዌ ለትምህርት የመጣ፣ አማርኛውን ቀስ እያለ የሚናገር ልጅ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ተጣልተን ነበር» አለ ሳትጠይቀው። «ጠዋት በማለዳ ቡራዩ እመለሳለሁ አለችኝ። ለምን ስላት አልነገረችኝም። ግድቡን አይተሽው የለም ወይ፣ ዛሬ እኮ የሱሉልታን ፈረሶች ልናይ ነው የመጣነው ብዬ ተቆጣኋት። ሳንታረቅ ተኛን።»

«አፋን ኦሮሞ ትችላላችሁ?»

«እኔ አልችልም። ታንዲዌም ‹ገለቶማ› ብላ ከማመስገን በቀር አታውቅም።»

ሄመን ግቢው ውስጥ መኪናዋን ተደግፋ የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ታደርጋለች። የመኪናው የፊት መብራት ተሰብሯል።

«ምን ነካው?»

«ላም ነው። ትናንት ማታ ቡራዩ መውጫ ላይ ድንገት ገባችብኝ።»

የወይንሐረግ ጎንበስ አለች። በተሰነጠቀው መብራት ጠርዝ ላይ የነጭ ጋቢ ክር ተይዟል።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ተኝቼ ነበር። ስነሣ ታንዲዌ አልጋዋ ላይ አልነበረችም። ዝናቡንም አልሰማሁም።»

ከሄመን መስኮት ሥር አንድ ጥንድ ጫማ ታጥቦ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ውኃው ገና ይንጠባጠባል። ኢንስፔክተሯ አለፍ ብላ ቡራዩ ፖሊስ ደወለች፤ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች፤ ከዚያ ሁሉም ምግብ ቤቱ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

«ታንዲዌ የሞተችው ከዝናቡ በፊት ነው» ብላ ጀመረች። «ከሥሯ ያለው ሣር ደረቅ ነው። ዝናቡ ሲመጣ እዚያው ወድቃ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ያየኋት ማን ናት?» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

«ያዩት ክፍሏ ትታው የወጣችውን ልብሷን ነው። ልብሱን የለበሰው ሰው ታንዲዌ በሕይወት እንዳለች እንዲመስለን ፈልጓል፤ ቀጥሎ ከአፋፉ ወረወረውና ቁጥቋጦ ላይ ቀረ። ግን እርስዎ በአፋን ኦሮሞ አናገሩት። እሱም ሳያመነታ በቀኝ ታጠፈ። ታንዲዌ ቋንቋውን አታውቅም። ባርናባስም አያውቅም። ገመቺስ ያውቃል፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ከእርስዎ ጋር ነበር።»

ማንም ወደ ሄመን መዞር አልፈለገም። ገመቺስ መመላለሱን አቆመ።

«ብዙ ሰው ኦሮሞኛ ያውቃል» አለች ሄመን።

«ያውቃል። ተኝቼ ነበር እያለች የጭቃ ጫማዋን ያጠበች ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ላም ደግሞ ጋቢ አትለብስም። ትናንት የገጨሽው ሰው ነው፤ ጥለሽው ሄድሽ። ታንዲዌ አብራሽ ነበረች። ዛሬ ማለዳ ቡራዩ ልትመለስ የተነሣችው ለዚህ ነው።»

ሄመን የጃኬቷን ዚፕ ለቀቀች።

«ትናንት ማታ ሙሉ ለመንኳት» አለች በቀስታ። «ሰውየው ሞቷል፣ ብንመለስም አይነሣም፣ እኔ ብቻ ነኝ የምጠፋው አልኳት። ሞቶም ከሆነ ቤተሰቡ ማወቅ አለበት አለችኝ። ጠዋት ስትወጣ ተከተልኳት። በገደሉ በኩል ዞር እንበልና እናውራ አልኳት። እጇን ያዝኩ፤ ልቀቂኝ አለች። ገፋኋት። ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልሰማሁም።»

«አልሞተም» አለች የወይንሐረግ።

«ማን?»

«ሰውየው። ገርባ ይባላል። እግሩ ተሰብሯል፤ ዛሬ ጠዋት ግን ነቅቶ ልጆቹን አነጋግሯል።»

ሄመን ወደ ገመቺስ እጇን ዘረጋች። ገመቺስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሪሁን ክንዷን ይዞ ሲያስወጣት ኦቦ ዲሪርሳ ተጠግተው በሌላው ወገን ደገፏት።

ባርናባስ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እናቷ ጋ መደወል ያለብኝ እኔ ነኝ። ምን ልበላት?»

የወይንሐረግ ከገባች ጀምሮ ቆማ ነበር። አሁን ወንበር ሳበችና ከጎኑ ተቀመጠች።

«ወድቃ ሞተች አትበላት። የተጎዳ ሰው አንጥልም ስላለች ነው የሞተችው በላት። እኔም እዚሁ ነኝ፤ ሌላውን ከጠየቀችህ ስልኩን አቀብለኝ።»

ባርናባስ ቁጥሩን ነካ። ሩቅ አገር ስልክ ሲጠራ፣ ሁለቱም ሳይተያዩ አዳመጡ።