የተሸፈነው አቅጣጫ ጠቋሚ

አብራሪው አዳነ የሞተው ከመቀመጫው ጋር እንደታሰረ ነው። ትንሿን አውሮፕላን ከጓሳ ገደል አፋፍ ላይ ተከስክሳ ያገኟት የጓሳን ሣር የሚጠብቁ ሰዎች፣ አስከሬኑን በቃሬዛ ተሸክመው ዘመሮ አመጡት፤ ተቀበረም። የአደጋ መርማሪዋ ጽናት ከአዲስ አበባ ደርሳ «የሟች ወገን ማነው?» ስትል ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አዳነ ዘመድ አልነበረውም። ያለቀሱለት፣ ቤታቸውን ያከራዩት እማማ ወለተኪዳን ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው።

የአገሩ ሰው ግን ጥፋቱ የመካኒኩ ነው ብሎ ነገሩን ጨርሶታል። በ1991 ዓ.ም. የጓሳን ግጦሽ ከአየር ፎቶ ለማንሳት የመጣው ቡድን ኃላፊ በኃይሉ የሟችን የመጨረሻ ቃል በሬዲዮ ሰምቷል። መካኒኩ ፍሬአብም ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ቀን ይጠብቃል።

«ምን ነበር ያለው?» አለች ጽናት።

«ከራቤል ወደ ደቡብ እየተመለሰ ጉም ውስጥ ገብቶ ነበር» አለ በኃይሉ። «አቅጣጫ ጠቋሚውና ኮምፓሱ አልስማማ አሉኝ፤ ያ ጠቋሚ ዛሬም ተበላሽቷል፤ ሸፍኜው በኮምፓስ እመጣለሁ አለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መሣሪያው ባለፈው ሳምንትም ሲዛባ ነበር። ጠግኜዋለሁ ያለው ፍሬአብ ነው። ሰው ገደለ እኮ!»

«መሸፈኑስ ጥፋት ነው?»

«የለም፣ ደንቡ ነው። የተበላሸ መሣሪያ ዓይን እንዳያሳስት ይሸፈናል፤ ከዚያ አብራሪው ኮምፓሱን ያምናል።»

ጽናት ወሬ የማታበዛ፣ ያየችውን ግን ደግማ የምታይ ሴት ናት። በፈረስ ጓሳ ወጣች። ከነፋሱ በቀር ድምፅ አልነበረም። በአቅጣጫ ጠቋሚው መስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ላጠችው። ጠቋሚው በግጭቱ ደርቆ፣ ደቡብ ምሥራቅን እንዳሳየ ቀርቷል። አውሮፕላኗ ሣሩን እየገሸለጠች የሄደችበትን መስመርም በእጅ ኮምፓሷ ለካችው፤ ደቡብ ምሥራቅ ነው።

በተሰበረው ኮምፓስና በፊት መስታወቱ መካከል አንድ አገልግል ተቀርቅሯል። ከፈተችው። የበግ ጥብስ፣ የተጋጠ አጥንት፣ ከሥሩ ደግሞ የማጭድ ስባሪ አገኘች። ሰውየው ጉም ውስጥ ብቻውን ሲበላ ታያት። እሷም ምሳዋን ከሰው ጋር የምትበላበት ቀን ጥቂት ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ ፍሬአብ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ጠግኜዋለሁ! ሳይነሳ ከኮምፓሱ ጋር አብረን አመሳክረነዋል፤ ልክ ነበር። አገልግሉን እንኳ ከኋላ ወንበር ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ነበር እኮ!»

ጽናት የማጭዱን ስባሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህ ከአገልግሉ ውስጥ የተገኘ ነው። የማነው?»

ፍሬአብ ብረቱን አየው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ተዉት እሱን» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ። መሣሪያውን አልጠገንኩትም። ጻፉት።»

«እንደሚያሳስርህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

አሁን ንጹሕ ነኝ ብሎ ሲጮህ የነበረ ሰው ስባሪ ማጭድ አይቶ ጥፋተኛ ነኝ ካለ፣ ጥፋቱን የሚሸፍንለት ሰው አለ። ጽናት ይህን በልቧ ይዛ ወጣች።

በሠልስቱ ሁሉም እማማ ወለተኪዳን ቤት ተሰበሰቡ። ሁሉም ማለት በኃይሉ፣ በፖሊስ የታጀበው ፍሬአብና እማማ ራሳቸው ናቸው፤ ድንኳን የሚያስተክል ሐዘንተኛ አልነበረም።

«አቅጣጫ ጠቋሚው አልተበላሸም» ብላ ጀመረች ጽናት። «ሲጋጭ ያሳየውና አውሮፕላኗ የሄደችበት አንድ ነው። እውነቱን የተናገረው የተሸፈነው መሣሪያ ነው። ያሳሳተው ኮምፓሱ ነው።»

«ኮምፓስ እንዴት ያሳስታል?» አለ በኃይሉ።

ጽናት የእጅ ኮምፓሷን መደቡ ላይ አስቀምጣ ማጭዱን አስጠጋችው። መርፌው ዞረ።

«ሲነሳ አገልግሉ ከኋላ ስለነበር ሁለቱ ተስማምተዋል። ሲመለስ ራበው፤ አገልግሉን አምጥቶ ከኮምፓሱ አጠገብ አስቀመጠው። ብረቱ መርፌውን ሳበው፤ አቅጣጫ ጠቋሚው ግን በማግኔት ስለማይሠራ አልተነካም። እሱ ግን ባለፈው ሳምንት ያስቸገረውን መሣሪያ ጠረጠረና እንደ ደንቡ ሸፈነው። ደቡብ የሚሄድ እየመሰለው ወደ ገደሉ ሄደ።»

«ማጭዱን ማን ከተተው?» በኃይሉ ተነሳ።

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!» ፍሬአብ ጮኸ።

«ምን ነካህ ልጄ?» አሉ እማማ ወለተኪዳን። «እኔ ነኝ እንጂ፤ ልማዴን አንተም ታውቃለህ። ሥጋ ከቤት ሲወጣ ብረት ሳይደረግበት ይወጣል? ክፉ መንፈስ ይከተለው የለ? አዳነ ይስቅብኛል ብዬ ከሥሩ ደበቅሁት...»

ቃላቸው ተቋረጠ። መደቡ ላይ ያለውን መርፌ አዩ፤ ማጭዱን አዩ።

«ታዲያ እኔ ነኛ?»

ጽናት አጠገባቸው ተቀመጠች። ልትዋሽላቸው ፈለገች፤ አልቻለችም።

«እርስዎ እንዲጠበቅ ብለው ነው። ክፉ ያሰበበት ማንም የለም። ፍሬአብም ይፈታል።»

አሮጊቷ ማጭዱን ከመርፌው አራቁት። «በልቶ ነበር?»

«በልቷል እማማ። አጥንቱን ሳይቀር ግጦታል።»

ያን ጊዜ አለቀሱ።

ምርመራው ተዘጋ፤ ፍሬአብም ተፈትቶ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሳ። እማማ ወለተኪዳን ስንቅ ቋጥረው መኪናው ድረስ መጡ። ፍሬአብ ቋጠሮውን ፈትቶ አየ፤ ቂጣና ጥብስ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ብረቱስ?»

«ከእንግዲህ አልነካም።»

«የምሄደው በመኪና ነው። ሥጋ ያለ ብረት ይዤ ከቤትዎ አልወጣም።»

ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ቤት ተመልሰው የጓዳቸውን ቢላዋ አመጡና ከቂጣው ሥር ሸጎጡለት። መኪናው ጉሙ ውስጥ እስኪገባ ከመንገዱ ዳር ቆሙ፤ ከዚያም ወደ ባዶ ቤታቸው ገቡ።