ሦስተኛው ቱቦ

ያ ቱቦ ዕድሜዬን ጨረሰው። ሌላዋ ሴት ከወዳጇ ጋር የምትጣላው በሌላ ሴት ነው፤ እኔ የተጣላሁት በብረት ቱቦ ነው።

እግር ላይ በሚታሰር ስኪ ውኃ ላይ መንሸራተት የሚማር ሰው ከጀልባ ኋላ ገመድ ይዞ ሲጎተት አረፋ ይጠጣል እንጂ አይነሣም። ከጀልባው ጎን ወደ ውጭ የሚዘረጋ ቱቦ ከታሰረ ግን ጀማሪው እሱን ጨብጦ መነሣት ይችላል። የሚሸጥ ስናጣ የሰፈራችን ብረት በያጅ «እኔ እሠራልሻለሁ» አለኝ። የወደድኩት ያን ዕለት ነው፤ ሞኝ ነኝ።

የመጀመሪያው ቱቦ ታጠፈ። ሁለተኛው ከነማሰሪያው ተነቅሎ ሐይቅ ገባ። እኔ ውኃ በአፍንጫዬ ሲገባ እሱ ዳር ላይ እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

«ቀርበህ ብታየው ምን አለበት?»

«ከዚህም ይታየኛል።»

ይህቺ «ይታየኛል» ደሜን ታፈላዋለች። የሚወደኝ ሰው ጫማው እንኳ አይረጥብም?

ጀልባው የታላቅ ወንድሜ ነው። የእኛም ነገር ገብቶታል። ዛሬ ጠዋት ቁርጡን ነገረን፦ «ዛሬ ካልሠራ ቱቦው ይነቀላል። ይሄ ልጅም እዚህ ድርሽ እንዳይል። ጀልባዬን ወንፊት አደረጋችሁት።»

ሦስተኛው ቱቦ አልታጠፈም፤ አልተነቀለም። ግን እኔ ስንጠለጠልበት ጀልባው ወደ ቀኝ ዘመመና ክብ መዞር ጀመረ። በያጁ የቱቦውን ጥንካሬ ነው ሲለካ የከረመው፤ የእኔን ክብደት ረስቶታል። ወንድሜ ውኃ የሞላ ጀሪካን በግራ በኩል አስቀመጠ። ጀሪካኑ ተንሸራቶ ወደ እኔው መጣ።

«በቃ» አለ ወንድሜ ዳር ስንደርስ። «መፍቻ አምጣ።»

እንባዬ መጣ። የሐይቁ ውኃ መስሎ እንዲታይ ፊቴን በሙሉ ጠረግኩ።

በያጁ መፍቻውን አላመጣም። ጫማውን አወለቀ።

«በግራ በኩል ሰው ቢቀመጥ ይስተካከላል።»

«ማን?» አልኩት።

«እኔ።» ከንፈሩ ደርቋል። «ዋና አልችልም። ውኃ እፈራለሁ። ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ላቅፈውም ልመታውም ፈለግኩ። «አትወደኝም ብዬ ስንት ቀን ተብሰልስያለሁ። ይሄን ለመናገር ሦስት ቱቦ ያስፈልግህ ነበር?»

«እወድሻለሁ» አለ፤ ዓይኑ ግን ውኃው ላይ ነው።

ወንድሜ መንሳፈፊያ ጃኬት ወረወረለት።

ጀልባው ሄደ፤ አልዘመመም። ቱቦውን ጨበጥኩ። ውኃው ከእግሬ ሥር ጠጠረልኝና ቆምኩ። እውነት ቆምኩ። ደስታዬን ላሳየው ወደ እሱ ዞርኩ።

ወንበሩን በሁለት እጁ አንቆ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ግለጥ እንጂ አንተ ሰው» ብዬ ጮህኩ። ሞተሩ ዋጠው። ይሄን ሁሉ ውኃ የጠጣሁት እሱ እንዲያየኝ ነበር እኮ።

ዳር ስንደርስ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ተነሣሽ?»

«ተነሣሁ። አላየኸኝም።»

«ልታጽናኚኝ ነው።»

ወንድሜ ሣቁን መያዝ አቃተው። «ተነሥታለች፣ አንተ ጨፋኝ። ነገ መጥተህ ታያታለህ።»